ስሙን የማላውቀው ቀለም

ስህተቱ የኔ ነው። ሌላ ማንም የለም።
መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ ቀባሁት ያን ቀለም፣
ሰማያዊ ብዬ፤ ጣሳው ሥር የቀረ
ቢጫ ነበረበት፣ ገብቶ ተማከረ።

ጠዋት ሳየው በሩን፣ የሐጂ ሙዘሚልን፣
ኮቺ ሰፈር መግቢያ ያለውን፣ ትልቁን፣
የጎመን ቅቅል ነው፣ ውሃው ያልጠፈፈ፣
ወይ የአዌቱ ድንጋይ ሻጋታ ያቀፈ።
ሐጂ አጋሮ ናቸው፣ ማታ ይመለሳሉ፤
«በሬን ምን አረግኸው? ክፈለኝ!» ይላሉ።
ብሩሼን አጠብኩኝ፣ ሰበብ አዘጋጀሁ፣
አጥሩ ሥር ተቀምጬ ቅጣቴን ጠበቅሁ።

መጀመሪያ ያለፈው መምህር ነው፤ ቆመ።
ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቱ ተጣመመ።
«የማን በር ነው?» አለኝ፣ ሊስቅ ጥቂት ቀርቶት።
«የሐጂ» ስለው ግን ግንባሩ ተፈታ፣
«የሰከነ ቀለም» አለ መምህር ገለታ።

ከሱ የሰማችው ልብስ ሰፊዋ ሰአዳ፣
«ዱባይ አይተው ነው» አለች፣ «ለኛ ነው እንግዳ።»
ባጃጅ ያቆመ ልጅ ስልኩን አወጣና አነሳው፤
ለማን እንደላከ እንጃ። ከሰዓት ከቦሳ
ሦስት ሰው መጣብኝ፣ ዋጋ ሊጠይቀኝ።

ማታ ሐጂ መጡ፣ ደጁ ሰው ሞልቶበት።
ከመኪናው ወርደው ዝም አሉ በሩ ፊት።
ዓይናቸው እኔ ላይ፣ ከዚያም ወደ ሰዉ፣
ከዚያ ወደ በሩ፣ ደግሞ ወደ ሰዉ።
«እንዴት ያለ ምርጫ! ማሻ አላህ!» ሲሏቸው፣
ቁጣቸውን ሲውጥ አየሁ ጉሮሯቸው።
«አስቤበት ነበር» አሉ።
እኔም ዝም አልኩኝ፣ ሒሳቤን ተቀብዬ።

በሳምንቱ ኮቺ፣ በወሩ መርካቶ፣
አጂፕ ድረስ ሄደ በር በርን ጎትቶ።
«ያን ቀለም» ይሉኛል፤ ስም የለውም እስካሁን።
ሁለት እጅ ሰማያዊ፣ ቢጫ ለማሽተት ያህል፣
ይሄን አውቄዋለሁ፤
የዚያን ሌሊት ጨለማ ግን ከየት ቀድቼ ልጨምር?
«የሐጂው ይለያል» ብላኝ ነበር ስንቄ፣
ካንድ ጣሳ ጨልፌ፣ ባንድ ብሩሽ አርቅቄ።

ሻፊ ብቻ ቀረ፣ በርጩማ ጠራቢው፣
ካንድ ግንድ ሦስት እግር ያለሚስማር አውጪው።
«ያስጠላኛል» አለ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር።
«ቅናት ነው» አሉት። «ገንዘብ አጥቶ ነው።» «ክብር
አያውቅም።» አንዱ ሰው፣ በርጩማ ቀብድ ከፍሎ፣
ሳይወስደው ቀረ፣ «ሌላ አገኘሁ» ብሎ።

አንድ ምሽት መጣ፣ ዝናብ አጎንብሶት።
«ትንሽ ተርፎህ እንደሁ... ለኔ አይደለም» አለኝ፤
«ለሂንድያ ነው፣ ለልጄ።
ሽማግሌ ሊመጣ ነው።»
አፌ ላይ ነበረ የሻማው፣ የጣሳው ነገር፤
አንድ ቃል ብተነፍስ በሩ ይተርፍ ነበር።
እሱ ግን ቀለሙን እንደ ሕፃን አቅፎ፣
ጭቃውን እየመረጠ ሄደ ግንቡን አልፎ።

የኔ በር ነጭ ነበር፣ እስካለፈው ሰኞ።
ከሥራ ስመለስ፣ ከመንገዱ ማዶ፣
ራቁቱን ቆሞ አየሁት፣ እንደ ሰው ተዋርዶ።
ሚስቴ ምንም አላለች። እኔም አልጠየቅኳት።
ቀባሁት።

አሁን ደጄ ቆሜ ሳየው፣ መዋሸት አልችልም፣
ያምራል። በአላህ ስም ያምራል።
«የጎመን ቅቅል» ያለው ያ የጠዋቱ ሰው
በየት በኩል ወጣ፣ እኔ ሳልሸኘው?

ልጄ ፈቲያ መጥታ «ስሙ ማነው?» አለች።
«እንጃ» አልኳት።
አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ አንድ ጠብታ ቀርቷል፤
ጋዝ አላሻሁበትም።